እግር ያላነበበው አገር

ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን ሯጭን አይወዱም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ፤ ዕንቁላል እንኳ በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ መሆኑን ያስጠነቅቁናል። ሰው ሲሞት «ሩጫውን ጨረሰ» እንላለን፤ በሕይወት ሳለ ሮጦ ያውቅ እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። ይህች አገር የአበበ ቢቂላ፣ የማሞ ወልዴ፣ የምሩጽ ይፍጠርና የደራርቱ ቱሉ አገር መሆኗን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። ግራ መጋባቱን የፈታንበት መንገድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሩጫን ለፌዴሬሽን፣ ለስፖርት ጋዜጠኛና ለሜዳሊያ አስረክበን፣ እኛ «የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ነን» የምንለው ወንበራችን ላይ ተቀምጠን ስለ አገር መንገድ እንጽፋለን። ክርክሬ ከዚህ ወንበር ጋር ነው።

እስቲ በየመድረኩ የምንሰማቸውን የገጠር ግጥሞች ልብ ብላችሁ አስተውሏቸው። ጤፉ ሁልጊዜ ይዘናፈላል፤ እረኛው ሁልጊዜ ዋሽንት ይነፋል፤ ከጎጆው አናት ላይ ሁልጊዜ ጢስ ይትጎለጎላል። ዳገቱ ግን ገጣሚውን አንድም ቀን አያደክመውም፤ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ አይነገረንም፤ ውሻ አይጮህም፤ ጭቃ ጫማ አይዝም። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ ገጣሚው አገሩን ያየው በመኪና መስኮት ነው። ለዘመድ ሠርግ ወይም ለመስክ ሥራ ወይም «አገርህን እወቅ» ለተባለ ጉብኝት ሄዶ፣ ግማሹን መንገድ ተኝቶ፣ ግማሹን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ተመልሷል። በመስኮት የታየ አገር ደግሞ ሥዕል ነው፤ ሥዕል ላይ ዳገት አያደክምም።

በአንድ የግጥም ምሽት ላይ ይህን ባነሣ አንድ የማከብራቸው ሰው «ሩጫ የእግር ሥራ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ የራስ ሥራ ነው» ብለው ዘጉት። አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ ግን እላለሁ፦ ከእግሩ የተለየ ራስ ስለ መንገድ የሚጽፈው ሁሉ የሰሚ ሰሚ ነው።

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ሒሳቡ ካልተመሳከረ ወደ ቤቴ አልሄድም። ሥራዬ አልፎ አልፎ ወደ ክፍለ ሀገር ቅርንጫፎች ይልከኛል፤ በሄድሁበት ሁሉ የሩጫ ጫማዬን ከሸሚዞቼ ሥር ሸጉጬ እጓዛለሁ። ሾፌሩም የሥራ ባልደረቦቼም ሳይነቁ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል ከሆቴሉ እወጣለሁ። የምከተለው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ አላውቅም፤ የምፈልገውም ይህንኑ አለማወቅ ነው።

ደብረ ብርሃንን ልውሰድ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ ናት። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ለሥራ ሄጄ አራት ማለዳ ሮጬባታለሁ። በዚያ ወር ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ያድራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ሳንባን እንደ መርፌ ይወጋሉ። ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ገብሱ ማሳ የሚያስገባውን ኮሮኮንች ስይዝ ግን ሌላ ነገር ይጀመራል። (ቃሉን አድምጡት እስቲ፤ ኮሮኮንች! ጠጠሩ ከጫማ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ይህን ቃል የፈጠረው ሰው በእግሩ የሄደ ሰው ነው።)

ከተማ ውስጥ ስሮጥ ሁሉን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። መስቀል አደባባይ ላይ ስንት ዙር እንደ ቀረኝ፣ የትኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ እንደሚዝል፣ ስንት ሰዓት ላይ ታክሲ እንደምይዝ አውቃለሁ፤ ይህ እንግዲህ ሌላ ዓይነት የሒሳብ ማመሳከር ነው። እንግዳ መንገድ ላይ ግን ዳገቱ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ያለቀ ሲመስል ከኋላው ሌላ ዳገት ይወጣል፤ ጉልበትን ቆጥቦ ማካፈል አይቻልም፤ ያለውን ሁሉ አምኖ መስጠት ነው። መታጠፊያው ላይ የድንጋይ ካብ ይመጣል፤ ከካቡ ላይ ኩበት ተለጥፎ ይደርቃል፤ ቀጥሎ በጠዋቱ ብርድ የሚያጨስ ጅረት፤ ከዚያ ወዲያ ድንገት መሬቱ ተቆርጦ ገደል ይሆንና ጭጋግ ከሥር ይታያል። ከመኪና ያየሁት ቢሆን «ቆንጆ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። በእግሬ ስለ ደረስሁበት ግን ትንፋሼ ያንን ገደል እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ደስታ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ የሰው ሙሉ አካል ለአንድ ያልጠበቀው ነገር በአንድ ጊዜ ሲነቃ።

በሦስተኛው ማለዳ በርኖስ የደረቡ አዛውንት ከሩቅ አይተውኝ መንገዱ መካከል ቆመው ጠበቁኝ። ፊታቸው ክፉ ነገር የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር።

«ልጄ፣ ምነው? ማን ሞተ?»

ትክክል ነበሩ። በገጠር በማለዳ የሚሮጥ ሰው ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ሌባ ያሳድዳል፣ ወይ ራሱ ሌባው ነው። ቆሜ እጅ ነሣሁና «ደኅና ነው አባቴ፤ ማንም አልሞተ። ለጤናዬ ነው የምሮጠው» አልኋቸው።

«ለጤናህ?» አሉና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አዬ ልጄ! እግዜር ይማርህ።»

በዚህ ምርቃት ሳምንቱን ሙሉ ስቄበታለሁ፤ ነገር ግን የቀልዱ ባለቤት እርሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሩጫ በእርሳቸው መንገድ ላይ ትርጉም አለው፤ ዜና አለው። እኛ ከተሜዎቹ ነን ትርጉሙን ጥለን የሰዓትና የኪሎ ሜትር ቁጥር ብቻ ያስቀረነው። ሄሮዶቱስ ስለ ፊሊጲዴስ የጻፈውን ያነበበ ሰው ይህን ያውቃል፤ ያ መልእክተኛ ከአቴና ወደ ስፓርታ ሲሮጥ ፓን የተባለውን አምላክ ያገኘው በጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በተራራ መንገድ ላይ ነው። በእኛም አገር ደብዳቤ በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ አገር የሚያቋርጥ እግረኛ መልእክተኛ ነበር። ስለ ነገሥታቱ ስንት ተጽፏል፤ ያ ሰው በመንገድ ያየውን ግን ማን ጻፈልን?

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ልምጣ፤ ሸሽቼው ባልፍ ክርክሬ ዋጋ የለውም። «ይህ የጠገበ ሰው ወሬ ነው» የሚሉኝ አሉ። «የገጠር ልጅ የሚሮጠው ትምህርት ቤት ስለራቀው ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አቅራቢያ በልጅነቱ ከቤቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሲሄድ መልክዓ ምድር ሊያደንቅ አልነበረም፤ ሲሮጥ የሚያጥፈው ግራ ክንዱ ደብተር ያቀፈበት ነው። አንተ የሰውን ችግር ቅንጦት አደረግኸው።»

ከባድ ነገር ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። እኔ ሮጬ ስጨርስ ሙቅ ሻወርና ቁርስ ይጠብቀኛል፤ ልጆቹን የሚጠብቃቸው ግን ሌላ ነው። ነገር ግን በዚያው ኮሮኮንች ላይ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ፣ ደብተራቸውን በፌስታል የያዙ አምስት ስድስት ልጆች «አትሌት! አትሌት!» እያሉ ተከትለውኝ ነበር። ዐሥር ዓመት የሚሆናት አንዲቱ ዳገቱ ላይ አልፋኝ ሄደች፤ ዞር ብላም ሳቀችብኝ። የልጅቷ ትምህርት ቤት መራቁ በደል ነው፤ መንገዱ ሊታጠርላት ይገባል። ያ ሳቅ ግን የእርሷ ነው። «ድኻ ነሽና በሩጫሽ ልትደሰቺ አይገባም» የሚላት ተከራካሪ ያዘነላት ይመስለዋል እንጂ፣ ያላትን አንድ ነገር ነው የሚቀማት።

ባለሙያዎቹ ሯጮችም ቢሆኑ እኛ እንደምንገምተው የቁጥር ባሪያዎች አይደሉም። ማይክል ክራውሊ የተባለ ሯጭ የሆነ አንትሮፖሎጂስት ከሯጮቻችን ጋር 15 ወራት ኖሮ፣ አብሯቸውም ሮጦ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ልጆቹ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል በተደላደለው መንገድ ሳይወሰኑ እየተጠማዘዙ አዲስ መውጫ እንደሚፈልጉ፣ ለዛሬ ሰንዳፋ፣ ለነገ እንጦጦ እያሉ አየሩንና መሬቱን እንደሚመርጡ ጽፏል። ይህን ለማወቅ የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰው መጠበቅ ነበረብን? እንጦጦ ከእኔ ሰፈር በታክሲ ስንት ደቂቃ ነው?

አበበ ቢቂላን እንኳ ቁጥር አደረግነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሕፃን ሁሉ ይወጣዋል። ከደብረ ብርሃን ማዶ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደ ሰው በባዕድ አገር ሌሊት፣ በችቦ ብርሃን፣ በባዶ እግሩ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ሲሮጥ፤ ከአገሩ ተነቅሎ ሮም ላይ በቆመው የአክሱም ሐውልት ሥር ሲያልፍ፤ እግሩ ከዚያ መንገድ ምን ሰማ? በሕይወት ዘመኔ ለዚህ ጥያቄ የሚመጥን የአማርኛ ግጥም አልገጠመኝም። የገጠሙኝ ሁሉ ስለ ባንዲራው ናቸው። ባንዲራው ይከበር፤ እግሩስ?

የሌላው ዓለም ጸሐፊ ይህን ለስፖርት ገጽ አልተወውም። እንግሊዛዊው አለን ሲሊቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ታሪክ፣ የታሰረ ወጣት በማለዳ ብቻውን በገጠር ሲሮጥ ነፃነቱን ያገኛል፤ በውድድሩ ቀን ደግሞ እየመራ ሳለ ሆን ብሎ ከመድረሻው በፊት ይቆማል። ሜዳሊያውን ለሚፈልጉት ሹማምንት ትቶ ሩጫውን ለራሱ አስቀረ። ጃፓናዊው ሙራካሚ እ.ኤ.አ. በ1983 ከአቴና እስከ ማራቶን በበጋ ሐሩር ብቻውን ሮጧል፤ በኋላም ጽፎታል። እኛ ደግሞ ፍቅር እስከ መቃብር አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህን ከማንኩሳ እስከ ዲማ በእግር ባያስጉዙት ኖሮ ያ መጽሐፍ አገር ሊሆነን ይችል ነበር? የዛሬ ልብ ወለዶቻችን ጀግኖች ግን ከካፌ ወደ ካፌ በታክሲ ናቸው።

የምኖረው ቂርቆስ ነው፤ ያደግሁት ካዛንቺስ፣ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ስሙን በወረሰው ሰፈር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ ብዙው ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ተበተነ። ዛሬ በዚያ ስሮጥ መንገዱ ሰፊ ነው፤ መብራት አለው፤ የብስክሌትና የእግረኛ መሄጃ ተሠምሮለታል። አንዳንዱ ጥግ ላይ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ታዲያ እንግዳ መንገድ ከወደድህ ደስ አይልህም ወይ ብትሉኝ፣ አይለኝም። ሄጄ ያገኘሁት እንግድነትና ቤቴ ድረስ መጥቶ የተጫነብኝ እንግድነት አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው እኔ እንግዳ ሆኜ ባለ አገር ይቀበለኛል፤ በሁለተኛው ባለ አገሩ የለም። «ማን ሞተ?» ብሎ የሚያስቆመኝ ሽማግሌ ከዚያ ተነሥቷል።

ገጠሩም ቢሆን እንደ ቀድሞው አልጠበቀኝም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ስንቱን ኮሮኮንች ለእግር ነሥቷል። በማለዳ ከማያውቁት ሰፈር ሮጦ ብቅ የሚል ሰው እግዜር ይማርህ የሚባልበት ጊዜ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሴቶች ደግሞ ከግጭቱም በፊት ቢሆን እንዲህ አልነበረም፤ አንዲት እኅቴ በማታውቀው የገጠር መንገድ ላይ ጎሕ ሳይቀድ ብቻዋን ልትሮጥ ብትነሣ እኔ ራሴ አስቀራት ነበር። እንግዲህ «የደስታ ወሬ ነው» ተብሎ የተናቀው ነገር ስንት ነገር እንደሚጠይቅ እዩ። ባልታወቀ መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው መንገዱንም ባለ መንገዱንም አምኗል፤ ባለ መንገዱም አምኖታል። ይህ መተማመን ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው የነጋዴው ጭነት አይደለም፤ ጭነቱ በአጀብም ቢሆን ያልፋል። መጀመሪያ የሚቀረው ያለ ጉዳይ የሚሮጠው ሰው ነው። ሲቀርም ማንም ልብ አይለውም፤ ይህን መዝግቦ ማስቀመጥ የነበረበት የሥነ ጽሑፍ ሰው ወንበሩ ላይ ነውና።

ስለዚህ በሚቀጥለው የግጥም ምሽት ስለ ገጠር የሚያነብ ሁሉ የኔን ጥያቄ ይጠብቅ። ጤፉ መዘናፈሉን አልጠይቀውም። ዳገቱ ስንት ጊዜ ያለቀ መስሎ እንዳታለለው፣ ነፋሱ በየትኛው ጆሮው በኩል እንደ መጣ፣ መንገድ ላይ ያስቆመው ሰው ምን ብሎ እንደ ጠየቀው እጠይቀዋለሁ።