የእናታችን እናት ማን ትባላለች?

ባለፈው ሳምንት ገርጂ ባለው ክፍላችን «የአባትዎን አባት ስም ይጻፉ» አልን። ሁሉም ጻፈ። «የእናትዎን እናትስ?» ስንል ክፍሉ ዝም አለ። አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ እኛ እኮ እማማ እያልን ነው ያደግነው። ስሟን ማን ነገረን!» አሉ። ከእኛ ከአስተማሪዎቹም የማያውቅ ነበረ፤ አፈርን።

ስማችን የሚያያዘው በአባት ነው። የእናት ወገን ካልተጻፈ ይጠፋል።

በአሜሪካም እንዲሁ ነበር። እዚያ የሕዝብ ቆጠራ በ1790 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተጻፈው የቤቱ ኃላፊ ስም ብቻ ነው። ሚስትና ልጆች በቁጥር ገቡ። በባርነት የነበሩት ጥቁሮችም በቁጥር ብቻ ገቡ። ከነፃነት በኋላ ሁሉም በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ስለዚህ የልጅ ልጆቻቸው የጥንቱን ስም በቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ይፈልጋሉ።

በአገራችን የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። በመላ አገሪቱ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የቀድሞውን የሚያውቁት በአብዛኛው ሽማግሌዎች ናቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ትልልቆችን ቶሎ እንጠይቅ።
2. ስም፣ የክርስትና ስምና የትውልድ አገር እንጻፍ።
3. ዓመቱ ካልታወቀ «ጣሊያን የገባ ጊዜ ሕፃን ነበረች» ብለን እንጻፍ። ያ 1928 ዓ.ም. ነው።

ሰኞ ዕለት እኚያ እናት ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ታላቅ እህታቸውን በስልክ ጠይቀው የአያታቸውን ስም ጽፈዋል። «ፊደሉ ልክ ነው?» አሉን። ልክ ነበር።

የሳምንቱ ሥራ፦ የእናትዎን እናት ስም ጽፈው ይምጡ።