የፓውንዱ ዋጋ ቀነሰ፤ የወሩ ወጪስ?

አሜሪካ አዲስ ለገባ ቤተሰብ ዘመድ ወዳጅ የሚሰጠው ምክር ከከተማ ከተማ ብዙም አይለያይም። ሶሻል ሴኩሪቲ አውጡ፣ መንጃ ፈቃድ አውጡ፣ የጅምላ መጋዘኑን የኮስትኮን ካርድ አውጡ። በሁለቱ ክርክር የለኝም። ሦስተኛው ግን ለሁሉም ቤት እኩል እንደሚሠራ ተደርጎ መታደሉ ያሳስበኛል። ቤተሰቡ ስንት ነፍስ እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ ደመወዙ መቼ እንደሚገባ ሳይጠየቅ «በጅምላ ሲገዛ ይረክሳል፤ የካርዱን ዋጋ በአንድ ቀን አስቤዛ ትመልሱታላችሁ» ይባላል። ለአንዳንድ ቤት እውነት ነው። ለብዙ ቤት ግን አይደለም፤ ካርዱ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ይታደሳል፤ ምክንያቱም የምናየው የአንዱን ፓውንድ ዋጋ ነው። ቤት የሚተዳደረው ደግሞ በወሩ ጠቅላላ ወጪ ነው።

ሱቁ አታለለን አልልም። ኮስትኮ በዕቃው ላይ የሚጨምረው ትርፍ ከ14 ወይም ከ15 በመቶ እንዳይዘል አድርጎ የሚሠራ ኩባንያ ነው፤ ተራው ሱፐርማርኬት ከዚያ በላይ ይጨምራል። ዕቃው በእርግጥ ርካሽ ነው። ታዲያ ከየት ያተርፋል ለሚል ሰው መልሱ ካርዱ ውስጥ ነው። በ2024 የበጀት ዓመት ኩባንያው ከአባልነት ክፍያ ብቻ 4.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ይህ ከጠቅላላ ሽያጩ 2 በመቶ አይሞላም፤ ከሥራው ካገኘው ትርፍ ጋር ሲተያይ ግን ከግማሽ ይበልጣል። ካርድ የሚታደሰው ደግሞ ባለቤቱ «ቆጥቤያለሁ» ብሎ ሲያምን ነው። እምነቱ ከቤቱ ሒሳብ ጋር ይስማማ እንደሆነ ማጣራት የኛ ድርሻ ነበር፤ ያላጣራነው እኛ ነን። እንዲያውም ከፍለን ካልሄድን የከሰርን ይመስለናል። የከፈልነውን 65 ዶላር ለማስመለስ 300 ዶላር ይዘን እንወጣለን።

እንደ ኮስትኮ ያሉ የአባልነት መጋዘኖች ሲጀመሩ ለቤተሰብ ጓዳ ተብለው አልተከፈቱም። ሶል ፕራይስ በ1976 ሳን ዲዬጎ ውስጥ በአሮጌ የአውሮፕላን ማቆሚያ አዳራሽ «ፕራይስ ክለብ»ን ሲከፍት፣ በዓመት 25 ዶላር እየከፈሉ ይገቡ የነበሩት ነጋዴዎች ናቸው፤ ባለ ሱቆችና ባለ ምግብ ቤቶች። ሌላው ሰው እንዲገባ የተፈቀደው በኋላ ነው። ኮስትኮ በ1983 ሲያትል ላይ ተከፈተ፤ የዋልማርቱ ሳምስ ክለብም የዚያው ዓመት ልጅ ነው። በ1993 ፕራይስ ክለብና ኮስትኮ ተዋሃዱ። የዕቃው መጠን እስከ ዛሬ ያንን አመጣጡን ይናገራል። ትልቅ ሱፐርማርኬት 30 ሺህና ከዚያ በላይ ዓይነት ዕቃ ሲደረድር ኮስትኮ የሚይዘው ወደ 4 ሺህ ነው፤ ስለዚህ «ትንሹን ስጡኝ» ማለት የለም። ምግብ ቤት አንድ ጆንያ ሽንኩርት በሁለት ቀን ይጨርሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ከአንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ባልና ሚስት ግን ያንኑ ጆንያ ሳይጨርሱት ይበቅልባቸዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። በሰፈሩ ሱቅ በፓውንድ 2 ዶላር የሚሸጥ ነገር በመጋዘኑ 1 ዶላር ከ50 ቢሆን 25 በመቶ ረከሰ እንላለን። ነገር ግን የሚሸጠው በአራት ፓውንድ ማሸጊያ ነው፤ 6 ዶላር ተከፈለ። ሦስቱ ፓውንድ ተበልቶ አንዱ ፍሪጅ ውስጥ ቢበላሽ፣ ለተበላው ለእያንዳንዱ ፓውንድ የተከፈለው ሁለት ዶላር ነው። ቅናሹ አለቀ፤ የካርዱ ዋጋና የመንገዱ ነዳጅ ገና አልተቆጠረም። ከአራት አንዱን መጣል ደግሞ ብርቅ አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በአገሪቱ ለምግብነት ከሚቀርበው ከ30 እስከ 40 በመቶው እንደሚባክን ይገምታል። ቆስጣው፣ ሰላጣው፣ እንጉዳዩ፣ እንጆሪው በብዛት የሚጣለው ከየቤታችን ነው፤ ደረሰኙ ላይ ግን እንደተቆጠበ ተጽፎ ይቀራል።

ያልተበላሸውም ቢሆን በሌላ መንገድ ያልቃል። በትልቅ ካርቶን የገባ ቺፕስና ጭማቂ ልጆች ለወር አያቆዩትም፤ በዛ ብለው ሲያዩት በዛ አድርገው ይበሉታል። በሳምንት አንድ ትንሽ ፓኬት ይበቃው የነበረ ቤት የፓውንዱን ዋጋ ቀንሶ የፓውንዱን ቁጥር ያበዛል። ያልታሰበው ግዢም አለ። በ4 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚሸጠው የተጠበሰ ዶሮ ያለው ከሱቁ መጨረሻ ነው፤ እዚያ ለመድረስ በቴሌቪዥኑ፣ በልብሱ፣ በብርድ ልብሱ አጠገብ ማለፍ ግድ ነው።

የብዙዎቻችን ቤት ደግሞ መካሪዎቹ አንሥተውት የማያውቁት የራሱ ጉዳይ አለው፤ ጾም። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ፍልሰታንና ነቢያትን የሚይዝ ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አይቀምስም። መጋዘኑ ከሌሎች የሚበልጠው ደግሞ በነዚሁ ነገሮች ነው፤ አምስት ደርዘን እንቁላል፣ ሁለት ጋሎን ወተት፣ ትልቅ የቺዝ ጥቅል፣ በትሪ የታሸገ ሥጋ። ቅበላው ደርሶ ጾሙ ሲገባ ፍሪጁ እንደሞላ ይቀራል። «ልጆቹ ይጨርሱታል» ይባላል፤ ልጆቹም አይጨርሱትም። ጾሙ ሲጀመር ምስሩና ክኩ ከህንድ ሱቅ፣ ሽሮውና ጤፉ ከሐበሻ ሱቅ ይመጣል፤ ካርዱ ቁጭ ብሎ ይከርማል። ለዓመት የተከፈለበት ካርድ ለግማሽ ዓመት ብቻ ከሠራ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህን የሚያስብ አንድም የዋጋ ማነጻጸሪያ አላየሁም፤ የሚያዘጋጁት ሰዎች ቤት ሁዳዴ የለም። ለማንጠር የሚገዛው ጨው የሌለው ቅቤ ግን ከዚህ ይለያል። አንዴ ከነጠረ ጾሙን ተሻግሮ ለፋሲካ ይደርሳል፤ እሱን በብዛት የገዛች እናት በእርግጥ ተጠቅማለች። በረመዳን በየምሽቱ ብዙ ሰው የሚያስፈጥር ቤትም እንዲሁ። ጥያቄው ሁልጊዜ የበዪው ቁጥርና የዕቃው ዕድሜ ነው።

ንጽጽሩስ ከማን ጋር ነው? «ከጃይንት ይረክሳል፣ ከሴፍዌይ ይረክሳል» ሲባል እሰማለሁ። ከነዚህ ተራ ሱፐርማርኬቶች መርከስ አያስቸግርም። በቅናሽ ዋጋ የሚሸጠው አልዲ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ሱቁን አይዋ ውስጥ የከፈተው ፕራይስ ክለብ በተከፈተበት በዚያው በ1976 ነው፤ ሊድልም በ2017 መጥቷል። ሁለቱም ካርድ አይጠይቁም፤ ወተቱን በጋሎን፣ እንቁላሉን በደርዘን ይሸጣሉ። የላቲኖና የኮሪያ ገበያዎች አትክልት፣ የህንድ ሱቆች ጥራጥሬና ሩዝ ይዘው በየሰፈራችን አሉ። ትክክለኛው ንጽጽር ካርድ ካለው ቤትና ካርድ ሳይኖረው በነዚህ ሱቆች አስተውሎ ከሚገዛ ቤት መካከል ነው።

ኮስትኮ ኤግዜክዩቲቭ የሚለውን ትልቁን ካርድ ልተወው አልችልም፤ ምክንያቱም ሰው «አትራፊ ነኝ» ብሎ የሚደሰተው በሱ ነው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ተራው ካርድ ከ60 ወደ 65፣ ትልቁ ከ120 ወደ 130 ዶላር ከፍ ብሏል። ትልቁ ከግዢው 2 በመቶ ይመልሳል። ተጨማሪውን 65 ዶላር ለማስመለስ ብቻ በዓመት 3,250 ዶላር መግዛት ያስፈልጋል፤ በወር 271 ዶላር ገደማ። ቤንዚን በዚህ 2 በመቶ ውስጥ አይገባም። «140 ዶላር መለሱልኝ» የሚል ሰው 7,000 ዶላር አውጥቷል ማለት ነው። ያንን ሁሉ በእርግጥ ያስፈልገው ከነበረ ጥሩ አድርጓል። ነገር ግን ይህ አሠራር የሚያስተምረው ብዙ ያወጣ ብዙ እንደሚያገኝ ነው፤ ቁጠባን ከወጪ ጋር አብሮ እንዲያድግ ያደርገዋል። በሥራ ብዛት ለማይተያይ ቤተሰብ፣ ሌሊት አረጋውያን እየጠበቁ ቀን ልጅ ለሚያሳድጉ እናቶች ይህን ትምህርት ማስተማር ከባድ ጥፋት ነው።

ምክሩ ከሁሉ የሚጎዳው እጁ ላይ ገንዘብ የሌለውን ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው የቤት ኪራዩ፣ እቁቡ፣ አገር ቤት ለእናቱ የሚልከው ሁሉ ከዚያችው ገንዘብ ነው። በአንድ ቅዳሜ 350 ዶላር መጋዘኑ ውስጥ ሲያወጣ፣ ቤቱ ለሦስት ወር የሚበቃ የሽንት ቤት ወረቀትና ሳሙና አለው፤ የሳምንቱን ቲማቲም የሚገዛው ግን በክሬዲት ካርድ ሊሆን ነው። የክሬዲት ካርድ ወለድ አማካዩ ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። ዓመቱን ሙሉ 300 ዶላር ዕዳ ቢያድርበት በ21 በመቶ 63 ዶላር ወለድ ይከፍላል፤ የአባልነቱን ዋጋ ሁለተኛ ጊዜ እንደመክፈል ነው። ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ተጨማሪ ፍሪዘር የገዙም አሉ፤ እሱም የራሱን መብራት ይቆጥራል።

ካርዱ የሚጠቅማቸውን ሰዎች አውቃለሁ። በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ታክሲና ኡበር ይነዳሉ። ቤንዚኑ በጋሎን 30 ሳንቲም ቢረክስና ሾፌሩ በሳምንት አንዴ ብቻ 12 ጋሎን ቢሞላ በዓመት 187 ዶላር ይተርፈዋል፤ የሚሞላው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። እሱ ሌላ ምንም ባይገዛ እንኳን ካርዱን ይያዝ። ዳይፐርና የሕፃን ወተት የሚገዛ ቤት፣ ስድስት ሰባት ሆኖ በአንድ ማዕድ የሚቀመጥ ቤተሰብ፣ ምግብ እያበሰለች የምታቀርብ ሴት፣ ክርስትና ወይም ሠርግ ያለበት ሰው ይጠቀማሉ። ዘይት፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ሳሙና ቶሎ አይበላሹም። ክርክሬ ከነዚህ ጋር አይደለም።

ለቀሩት መፍትሔው በእጃችን ያለ ይመስለኛል። ቅርጫ የሚያውቅ ሕዝብ በጅምላ መግዛትን ከማንም መማር አያስፈልገውም። በሬ ለአንድ ቤት እንደማይሆን እናውቃለን፤ ስለዚህ ተሰብስበን እንገዛለን፣ መደብ መድበን እንካፈላለን፣ ማንም ቤት ሥጋ አይበላሽም። እዚህም አገር በበዓል ሰሞን ከገበሬ ከብት ገዝተው የሚካፈሉ አሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያልነው እኛው ነን። ታዲያ 25 ፓውንዱን ሽንኩርት፣ ሁለቱን ጋሎን ወተትና አምስት ደርዘኑን እንቁላል ስንገዛ ለምን እያንዳንዳችን ለብቻችን እንጨነቃለን? ካርዱን ለሰው ማዋስ አይፈቀድም፤ ከፋዩ አባሉ ራሱ ነው። የገዛውን ቤቱ አምጥቶ ከእህቱ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ተካፍሎ ሒሳብ መቀባበልን የሚከለክል ግን የለም። በአንድ ሕንፃ አራት አባወራ አራት ካርድ ይዞ ሲኖር፣ አራቱም ተመሳሳይ ነገር ሲጥል ማየት ያሳዝነኛል። የማኅበር ወዳጅነት ለጠበልና ለዝክር ብቻ ለምን ይሆናል?

መመዘኛውም ከባድ አይደለም። ካርዱ ከመውጣቱ በፊት የነበሩትን የሦስት ወር የባንክ ወረቀቶች አውጥቶ ለምግብና ለቤት ዕቃ የወጣውን ሁሉ መደመር፤ ከካርዱ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራትም እንዲሁ። ጾሙን ከጾም፣ ፍስኩን ከፍስክ ጋር ማስተያየት። የሁሉም ሱቅ ወጪ አብሮ ይደመር፤ ድምሩ ካልቀነሰ የፓውንዱ ዋጋ የቱንም ያህል ቢረክስ ቤቱ አልቆጠበም።

አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከአሥር የኮስትኮ አባላት ዘጠኙና ከዚያ በላይ ካርዳቸውን ያድሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሳያስቡት ከባንካቸው እየተቆረጠባቸው ነው። ቤት ግን በየዓመቱ ይለወጣል። ሕፃኑ ከዳይፐር ይወጣል፣ ታላቅየዋ ኮሌጅ ትገባለች፣ አባት ታክሲውን ትቶ ሌላ ሥራ ይይዛል። ለአምስት ሰው የወጣው ካርድ ለሁለት ሰው መቀጠል አለበት ወይ ተብሎ ባልና ሚስት ተቀምጠው ይምከሩበት። አልጠቀመንም ብለው ከወሰኑም ኮስትኮ ያልረካ አባል በማንኛውም ጊዜ ቢመጣ የአባልነት ክፍያውን በሙሉ እመልሳለሁ ብሎ ቃል ገብቷል፤ የአባላት አገልግሎት መስኮት ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው።