ጌሙ ይተኛ፣ እኛ እንነሳ



ባለፈው ሴሚስተር ዶርማችን ውስጥ አንድ ያገለገለ ፒ.ኤስ.ፒ. ገባ። አንዳችን ከመርካቶ ገዝቶት የመጣ ነው። ሶኒ ይህን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ስለሆነ ከብዙዎቻችን ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ሞዴል ራም 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ኪሳችን ውስጥ ያለው ባለ 4 ጊጋባይት ስልክ በ128 እጥፍ ይበልጠዋል። ሆኖም ኳስ ያጫውታል፣ ቲላዋ ያሰማል፣ ቪዲዮ ያሳያል። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ መብራት በጠፋበት ማታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ለመጫወት የሚመች ነገር ነው።

ግን ብዙም ሳይቆይ ሁለት ነገር ተበላሸብን።

የመጀመሪያው ሰላት ነው። ከግቢ ወጥተን መስጂድ ደርስ የምንቀመጥባት፣ በመግሪብና በዒሻእ መካከል ያለችው ሰዓት የጌም ሰዓት ሆነች። አዛን ሲሰማ «ይቺን ጨዋታ ልጨርስና» እንላለን። ስትጨርስ ሌላው ተራውን ይጠይቃል። በመጨረሻ ዒሻእን ጀመዓው ከተበተነ በኋላ ዶርም ውስጥ እየተቻኮልን እንሰግዳለን።

ሁለተኛው «ተሸናፊ ይጋብዛል» የምትለዋ ናት። ፕሌይስቴሽን ቤት «ተሸናፊ ይከፍላል» ሲባል እየሰማን ስላደግን ምንም አልመሰለንም። አንደኛው ጓደኛችን ግን ጨዋታውን ገና እየለመደ ነበር። ከቤት የሚላክለትም ጥቂት ነው። ሻይና ፓስቲ እየተባለ ዕዳው 180 ብር ደረሰ። ከዚያ በኋላ እኛ ሳንተኛ ዶርም መግባት አቆመ። እኛ ደግሞ በላይብረሪ የሚያመሽ መስሎን «ጎበዝ» እያልን እናደንቀው ነበር! መድረሳ እንደተማርነው፣ ሁለቱም የሚያስይዙበትና ተሸናፊው የሚከስርበት ጨዋታ ቁማር ነው። ሻይ ማለታችን ስሙን አይቀይረውም። ገንዘቡን መልሰንለት አውፍ ተባብለናል፣ አልሐምዱሊላህ።

«እንግዲያው ጣሉት» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ቅንነታቸውን እናከብራለን፤ ነገር ግን ፒ.ኤስ.ፒ.ውን የጣለ ሰው ስልኩን ይዞ ይቀራል። የባሰው ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ፒ.ኤስ.ፒ. በጎኑ ያለችውን ማብሪያ አንዴ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጓት ይተኛል። ጨዋታው ራሙ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ከሰላት ሲመለሱ ኳሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ናት። የስልክ የኦንላይን ጌም ግን አይጠብቅም። ፐብጂ እስከ 100 ሰው አንድ ላይ ያጫውታል፤ ተነስተህ ብትሄድ ጨዋታው ይቀጥላል፣ የቡድን ጓደኞችህም ያኮርፋሉ። ጌሙ የተሠራው እንዳትነሳ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ኢንጂነሪንግ እንደሚማር ሰው ስንመዝነው፣ መጫወት ካልቀረ የሚተኛውን መምረጥ ይሻላል። ፒ.ኤስ.ፒ. የሌለውም ፒ.ፒ.ኤስ.ኤስ.ፒ.ፒ. በሚባለው ነጻ መተግበሪያ እነዚያኑ ጌሞች ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት መጫወትና ባሻው ጊዜ ማቆም ይችላል።

ከዶርማችን ልጆች አንዱ ከአንኮበር ቁልቁል ካለችው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ከነበረችው ከአሊዩ አምባ ነው። አባቱ በገበያ ቀን እየመዘኑ እያሉ አዛን ከሰሙ ሚዛኑን አስቀምጠው ይነሳሉ። «ገዢው ይሄድብሃል» ቢሏቸው አይመለሱም። እሳቸው ቤተሰብ የሚያድሩበትን ገበያ ማቆም ከቻሉ፣ እኛ በጣት የምትገፋ ማብሪያ እንዴት ያቅተናል? «ጨዋታ መሃል ነበርኩ» የሚለው ሰበብ በዚህ ዕቃ አይሠራም።

አሁን የተስማማንበት ይህ ነው። አዛን ሲሰማ እጁ ላይ ያለው ሰው ያስተኛዋል። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ሎከር ውስጥ ይቆለፍበታል። ሻይ በተራ እንጂ በሽንፈት አይጋበዝም። በፈተና ሳምንት ባለቤቱ ዘመድ ቤት ያስቀምጠዋል። ሁሌ ተሳክቶልናል አንልም፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንድ ዒሻእ አምልጦናል።

እናንተ ዶርም ያለው ሁኔታ እንዴት ነው? የማትስማሙም ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እንመካከርበታለን፣ ኢንሻአላህ። አላህ ጊዜያችንን ይባርክልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።