ወደ ወጨጫ ለመውጣት ብስኩት ብቻ አይበቃም

በዚህ በጋ ክበባችን ወደ ወጨጫ ተራራ የሙሉ ቀን ጉዞ ያደርጋል። በእረፍት ሰዓት የሚወራው ግን ስለ ብስኩትና ስለ አዲስ ጫማ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ዋናው ዝግጅት በብር አይገዛም።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው ወጨጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። እዚያ ቢበርድም ፀሐዩ ያቃጥላል፤ አየሩ ስለሚሳሳም ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ከአሁኑ ዳገት መውጣት እንልመድ። አዲስ ጫማ እግር ይልጣል፤ የለመድነው ይሻላል። 2 ሊትር ውሃ፣ ኮፍያ፣ ሹራብና ቆሎ እንያዝ። ለስላሳ የውሃን ያህል ጥም አይቆርጥም።

ትልቁ ነገር ግን አካሄዳችን ነው። ፈጣኖቹ ሮጠው ከቀደሙ የደከመው ጫካ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። "እሱ አይችልም፣ ይቅር" የሚሉ ልጆችም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀስ ብሎ የሚሄደው ከፊት ይሁን፣ እኛ በሱ እርምጃ እንሂድ፣ መምህራችን ደግሞ ከኋላ ይሁኑ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ጫፉ ላይ ባንደርስ እንኳ ተራራው የትም አይሄድም። አንድም ልጅ ሳይቀር ሄደን አንድም ልጅ ሳይጎድል እንመለስ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?