የማይጠየቅ ሕመም

ቋንቋችን ለጡት ስስት የለበትም። ውለታ የረሳውን ሰው «ጡት ነካሽ» እንላለን፤ ሳይወልዱት ያሳደጉትን «የጡት ልጅ» እንለዋለን፤ በጥምቀት ዕለት ጎረምሳው ሎሚውን ወዴት እንደሚወረውር የማያውቅ የለም። ዘፋኙም ቅኔ ዘራፊውም የየድርሻቸውን ብለዋል። ይህ ሁሉ ግን የተመልካቹና የጠቢው ቋንቋ ነው። ባለቤቲቱ ስለ ገላዋ፣ ይልቁንም ስለ ታመመ ገላዋ፣ ልትናገር ስትነሣ ያ ሁሉ የቃል ሀብት ድንገት ይነጥፋል።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አስተለቀች። ሁለት ልጆች አጥብታ ካሳደገች ወዲህ መስተዋት ፊት ስትቆም የምታየው ገላ የእርሷ አልመስል እንዳላት ቀደም ብላ አጫውታኝ ነበር። እኔም በታላቅነቴ መካሪ መሆን አማረኝና «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ብዬ ጨዋታውን ዘጋሁት። ሐሳቧን ያስቀረሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የዘጋሁት አፏን ነው።

ቀኑ ሲደርስ አልነገረችኝም። ከሐኪም ቤት ወደ ቤቷ ያደረሰቻት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ናት። ልጆቹን አባታቸው ዘንድ ሰደደች። አዲስ አበባ ለምትኖረው እናታችን «ጉንፋን ይዞኛል» አለቻት። በሁለተኛው ቀን ምሽት ባልደረባዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ብቻዋን ማደሩ አስፈራትና ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ ሳትቆጪኝ ነይ።»

ስደርስ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። የግራ ጡቷ ከቀኙ ይልቅ እጅግ አብጧል፤ ጠንክሯል፤ ቆዳው ተወጥሮ ጠቁሯል። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ብጠይቃት ከጠዋት ጀምሮ ነው አለችኝ። ለሐኪሙ ለምን እንዳልደወለች ስጠይቃት የመለሰችልኝ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ «በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው ብዬ አፈርኩ።»

ለተረኛው ሐኪም ደወልን። በዚያው ሌሊት ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ተመልሳ፣ ውስጥ ለውስጥ ፈስሶ የተጠራቀመው ደም ተጠርጎ ወጣላት። ይህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያጋጥም፣ ሐኪሞች የሚያውቁት ችግር ነው፤ ፈጥነው ከደረሱበት መላ አለው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በሽታዋን ያስደበቅኋት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ግን በዚያ ሌሊት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አብሬያት ሰነበትሁ። የውበት ሕክምና ማስታወቂያ ከቢላዋው በፊት የነበረችውንና ከወራት በኋላ ያለችውን ሴት ጎን ለጎን ያሳየናል። በመካከል ያለችውን አያሳየንም። እኔ ያየኋት እርሷን ነው። ሲሊኮኑ የገባው ከደረት ጡንቻ ሥር ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነባት ያህል ይከብዳት ነበር። ሌሊቱን ከወገቧ ቀና ብላ በጀርባዋ ትተኛለች፤ በጎን መገላበጥ አይፈቀድላትም። እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሣት ክልክል ነው፤ ፀጉሯን የማበጥርላት፣ ሸሚዟን የማለብሳት፣ የቡና ስኒውን ከመደርደሪያ የማወርድላት እኔ ነበርሁ። ጠንካራው ማስታገሻ ሕመሙን ቢያበርድላትም ያቅለሸልሻታል፤ ሆዷንም ያደርቀዋል፤ እርሱን እየወሰዱ መኪና መንዳትም አይቻልም። ደም በእግሯ ሥር እንዳይረጋ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቀስታ ቤት ለቤት መመላለስ ነበረባት። ትኩሳት ቢመጣ፣ ቁስሉ ቢቀላና ቢያተኩስ፣ መግል ቢይዝ፣ ባት ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥር ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ እንደሚገባ የሚናገረውን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ ሲቀል ለቅሶው መጣ። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ጡቶቿ ገና ወደ ላይ ተሰቅለው፣ አብጠውና ደርቀው ስታያቸው «ምን አድርጌ ነው?» ትለኛለች። እብጠቱ እስኪወርድ፣ ሲሊኮኑም ቦታውን እስኪይዝ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚወስድ ሐኪሙ ነግሯት ነበር፤ በእኩለ ሌሊት ግን የሐኪም ቃል ርቆ ይሰማል። የጡቷ ጫፍ ደንዝዞ ነበር። ይህ በብዙዎች ዘንድ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን እንደደነዘዘ ይቀራል። እንደ እኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ጠባሳው ከመጠን በላይ የማደግ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው።

ማገገሙ በስድስት ሳምንት የሚያበቃም አይደለም። ሰውነት የገባበትን ባዕድ ነገር በስስ ጠባሳ ይከበዋል፤ ያ ጠባሳ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ይጠብቅና ጡቱን ያደነድነዋል። ሲሊኮኑ ድምፅ ሳያሰማ ሊቀደድ ስለሚችል ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ በምስል እንዲታይ ይመከራል። ዕድሜ ልክ የሚኖር ዕቃ አይደለም፤ ቀን ቆጥሮ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። የመጀመሪያው የሲሊኮን ጡት በቴክሳስ ሂዩስተን ለአንዲት የስድስት ልጆች እናት የገባው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ግን አደጋው አንድ በአንድ ተጽፎ ከሴቲቱ ጋር እንዲነበብና እርሷም የመፈረም ዕድል እንድታገኝ ያዘዘው በ2021 ነው። ያንን ለመናገር ወደ ስድሳ ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

በእነዚያ ሌሊቶች እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፋኒ በርኒ ትዝ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1811 ፓሪስ ውስጥ፣ ማደንዘዣ ገና ባልታወቀበት ዘመን፣ በካንሰር ጥርጣሬ አንድ ጡቷ ተቆረጠ። ወራት ከቆየች በኋላ ያን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በደብዳቤ ጻፈችው። ደብዳቤው ዛሬ ከሥነ ጽሑፍ ሀብት ተቆጥሮ ይነበባል። የተጻፈው ግን ለእህቷ ነው። የእርሷ የነፍስ ጉዳይ ነበር፤ የእኔ እህት ወድዳ የገባችበት ነው፤ ሁለቱን አላስተካክልም። ሆኖም ያቺ ሴት ሁለት መቶ ዓመት ቀድማን የምትጽፍላት እህት ነበራት። የእኔዋ ግን አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ላይ ያለች እህቷን ፈራች።

እኛ ሕመምተኛ በመጠየቅ የምንታማ ሕዝብ አይደለንም። አራስ ቤት ገንፎ ይዘን እንሄዳለን፤ እግሩ የተሰበረውን፣ ሐሞት ጠጠር ያስወጣውን «እግዜር ይማርህ» ልንለው በር እናንኳኳለን። እግሩ የተሰበረው ሰው ሰክሮ ሲነዳ ቢሆንም እንኳ እንጠይቀዋለን፤ ተግሣጹን ለሌላ ቀን እናቆየዋለን። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ግን ተግሣጹ ይቀድማል፤ ጥየቃው ይቀራል። ስለዚህ በሯን ቆልፋ፣ «ዕረፍት ላይ ነኝ» ብላ፣ ስልኳን አጥፍታ ታገግማለች። ከመሐከላቸው አንዷ በስተግራ ስታብጥ ማን ያውቃል?

ታዲያ ማስተለቁን ደገፍሽው ወይ የሚለኝ ይኖራል። አልደገፍሁም። ዛሬም ያ ገላ እንደነበረ ያምር ነበር እላለሁ፤ እርሷም ይህን ሐሳቤን ታውቃለች። ግን ክርክር ጊዜ አለው፤ ጊዜውም ከቢላዋው በፊት ነው፤ ያውም አፍ የሚያስከፍት እንጂ አፍ የሚዘጋ መሆን የለበትም። ከቢላዋው በኋላ ያለው ቁስል ነው። ቁስል ደግሞ በምን ምክንያት እንደመጣ አያውቅም፤ የሚያመው እንደማንኛውም ቁስል ነው።

በአሥረኛው ቀን ለእናታችን ራሷ ደውላ እውነቱን ነገረቻት። እኔ ከጎኗ ሆኜ የሚመጣውን ቁጣ እጠብቃለሁ። ስልኩ ለረጅም ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ እናታችን «እህትሽን አቅርቢልኝ» አለች። ስልኩን ተቀበልሁ።

«አጥሚት ሠርተሽላታል?» አለችኝ።

አልሠራሁላትም ነበር። ለአራስ ብቻ የሚሠራ መስሎኝ።