ከቀለሙ በፊት መግጠሙ ይቅደም

በአዲስ አበባ ጎዳና እስከ ዛሬ የሚመላለሱትን ጥንታውያን ቮልስዋገኖች የማያውቅ የለም። የመጨረሻው ቮልስ በሐምሌ 1995 ዓ. ም. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርቶ ስላበቃ፣ ዛሬ የሚገዛው አዲስ ፓራፋንጎ አብዛኛውን ጊዜ አስመስለው የሠሩት ነው። ብዙዎች ይህን ገዝተው በመጀመሪያ ቀለም ያስቀቡታል፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ አልገናኝ ሲል ደግሞ በመዶሻ ያስገድዱታል። ከጋራዥ የማልጠፋ ተማሪ እንደ መሆኔ ይህን አሠራር አጥብቄ እቃወማለሁ።

አሮጌው አካልም በዘመን ብዛት ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል ጥፋቱን ሁሉ በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ ፓራፋንጎው ቀለም ሳይነካው ይሞከር። ቡሎኖቹ ሁሉ በጣት ብቻ ይያዙ፤ አንዱም በቁልፍ አይጥበቅ። ከኮፈኑና ከመርገጫው ጋር መስተካከሉ ከታየ በኋላ ሁሉም ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ። በመካከል የሚገባው ጎማም አይረሳ፤ ያለ እርሱ የተለካ ልክ ልክ አይደለም። ቀዳዳው ጥቂት ከሳተ በሞረድ ማስፋት ነውር የለበትም። በስቱኮ መደለል ግን ነውር ነው፤ ኮረኮንች ላይ ይሰነጠቃል።

ነገሩ የውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቮልስ የፊት መብራት የሚቀመጠው በፓራፋንጎው ላይ ስለ ሆነ፣ እርሱ ከተጣመመ መብራቱም መንገዱን ትቶ የመጪውን ሾፌር ዓይን ሊመታ ይችላል። «ደንበኛው ይቸኩላል» የሚሉኝ የባትላሜራ ሠራተኞች አሉ። ከቸኮለ ቀለሙን ሳይቀባ ይንዳው!