ከልጁ እጅ የጣልነው ምንድን ነው?

ልጃችሁ እምነበረድ ቆራጮች ደጅ የተጣለ ስብርባሪና የተሰበረ ብርጭቆ ለቅሞ፣ በጣውላ ላይ በሲሚንቶ ደርድሮ ቢያመጣላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ከመድረሳ ተማሪዎቼ አንዱ ይህንኑ አድርጎ ነበር። ሰው የለበት፣ እንስሳ የለበት፤ ነጭ፣ አረንጓዴና ጥቁር እርስ በርሱ ተጠላልፎ ብቻ ይታያል። አባቱ «ይህ የፈረንጅ ቀልድ ነው፤ ደግሞም ሥዕል ሐራም ነው» ብለው ጣሉበት። እኔም ኡስታዙ ሰምቼ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ያ ዝምታ ስለሚቆጨኝ ነው።

ለመሆኑ የፈረንጅ ነውን? በ72 ዓመተ ሂጅራ (691/92 እ.ኤ.አ.) ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን በአልቁድስ ያሠሩት ቁበቱ ሰኽራ የውስጥ ግድግዳው በጥቃቅን የመስታወት ጠጠር የተዋበ ነው። ወርቃማው ጠጠር የሚሠራው ስስ ወርቅ በመስታወት መካከል ተደርጎ ነው፤ ብርሃን እንዲመልስም ዘንበል ተደርጎ ይተከላል። በዚያ ሁሉ ጌጥ ውስጥ ሐረግ፣ ቅጠልና የቁርአን ጽሑፍ እንጂ የሰውም የእንስሳም ምስል የለም። ልጃቸው አል-ወሊድ በደማስቆ ያሠሩት መስጂድም ዛፍ፣ ወንዝና ቤት እንጂ ሰው አይታይበትም።

በዘመናችንም በ2019 ያረፈችው ኢራናዊት ሞኒር ፋርማንፋርማያን መስታወት በሦስት ማዕዘንና በስድስት ማዕዘን ቅርጽ እየደረደረች ስትሠራ ኖራለች። መነሻዋ በሺራዝ ያየችው የጥንት የመስታወት ግድግዳ ነበር። በ2015 የኒው ዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም ሥራዋን ለሕዝብ አሳይቷል። እንግዲህ ፈረንጁ ከሙስሊም ግንበኛ የተወረሰውን ጥበብ በክብር ሲያሳይ፣ እኛ ከልጃችን እጅ ነጥቀን «የፈረንጅ ነው» ብለን እንጥላለን!

ሐራም ስለመባሉም እንነጋገር። ዑለማኦች አጥብቀው የከለከሉት ነፍስ ያለው ፍጡር ምስል መሥራትን ነው። ዛፍን፣ ሐረግንና መስመርን ግን አብዛኞቹ ፈቅደዋል። እርግጥ ነው፣ መስጂድን ሰጋጁን ከኹሹዕ እስኪያዘናጋ ማሸብረቅ የተጠላ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ልጅ ጣውላ ነው። እስቲ ሳሎናችንን እንመልከት! ሚዳቋና ፒኮክ ያለበትን ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ሕይወት የሌለው ጠጠር የደረደረውን ልጅ «ሐራም» ብለን መገሠጽ ምን ይባላል?

«ትርጉሙስ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጠጠር ከጠጠር ለማገጣጠም መለካት፣ መቁጠርና መታገሥ ያስፈልጋል። ይህ ራሱ ትምህርት አይደለምን? ነገ የእንጀራ ሙያ አይሆንምን?

ያንን ልጅ ዐፍው በለኝ ብዬዋለሁ። «ምንም አይደል ኡስታዝ» አለኝ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ጠጠር አላነሳም። እናንተ ዘንድ ግን ጣውላው ገና ያልተጣለ ከሆነ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና እንዴት እንደሠራው ጠይቁት። አላህ የልጆቻችንን አማና በአግባቡ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።